የረምዚ ክታብ

ባለፈው ሳምንት ሙኒራን የተውናት ስልኳን ደረቷ ላይ አጣብቃ ስትስቅ ነበር። ያ ሳቅ የፍቅር ሳቅ የመሰላችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ ቦንሳም እንደናንተው ተሞኝቷል። «ና፣ ይቅር ተብለሃል። ለረምዚ ሁለተኛ ዓመት ሰደቃ እናወጣለን፤ አንተ ከሌለህበት ምኑን ሰደቃ ሆነ?» ያለችውን የድምፅ መልእክት ደጋግሞ ሰምቶ፣ ድሬዳዋ ላይ ለሥራ ከሚወጣበት የኔትወርክ ማማ ወርዶ የባቡር ትኬቱን ቆርጧል።

ሙኒራ በበኩሏ እጇን ሂና ተቀብታለች። እናቷ ኻሊዳ አይታ «በወንድምሽ የሰደቃ ቀን ሂና?» ብትላት፣

«ኡሚ፣ ወጥመድ ላይ ምን ይደረጋል? ሥጋ አይደል?» ብላ መለሰችላት።

እናት አልተቆጣችም። እንዲያውም ሂናው እንዳይረግፍ የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ በላስቲክ የጠቀለለችላት እሷው ራሷ ናት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ተወግተው ነበር።

ከድንበር ማዶ፣ ናጋድ ባቡር ጣቢያ፣ ሙቀቱ ገና አልበረደም። ተሳፋሪው ሻንጣውን እየጎተተ ሲወጣ ሙኒራ ቦንሳን ከሩቅ አወቀችው። ከስቷል። ትከሻው ግን ያው ሰፊው የአባቱ ትከሻ ነው፤ አባቱ በሙኒራ አባት መጋዘን ጆንያ እየተሸከመ ያሳደገው ልጅ ነው። በአንድ እጁ ትንሽ ሻንጣ፣ በሌላው ቅባቱ ያለፈበት ሙሸበክ የሚሉት ጣፋጭ ካርቶን ይዟል። ሲያያት ባለበት ቆመ። ሰው እየገፋው ያልፋል፣ እሱ ግን ቆሟል። ዓይኑ ሂናው ላይ ሲያርፍ ፊቱ ወገግ አለ፤ ሙኒራም ሳታስበው ፈገግ ልትልለት ቃጣት። ወዲያው ራሷን ተቆጣች። «ጠንከር በይ አንቺ! ይሄ ሰው ወንድምሽን ነው የበላው» አለች በልቧ።

«ጠቆርሽ» አለ ቦንሳ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይህች ናት።

«ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀቱማ ድሮም ነበር።»

«አንተም ከስተሃል» አለችና ፊቷን አዞረች። ዓይን ለዓይን መተያየቱ አይበጃትም። «ምንድነው የያዝከው?»

«ሙሸበክ ነው። ረምዚ ይህን ሳይበላ ከገደል አይዘልም ነበር እኮ፤ ትዝ ይልሻል? እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ቢስሚላህ ብሎ...» ሳይጨርሰው ተወው። «ሙኒራ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እናትሽ ይቅር ብለውኛል?»

«ኡሚ? አንተን ለማየት እንደቸኮለችው ለማንም ቸኩላ አታውቅም።»

ይህንንስ አልዋሸችም።

ታክሲው ውስጥ ከኋላ ተቀመጡ። ቦንሳ እጁን በመካከላቸው ወንበሩ ላይ አሳርፎ፣ ሊነካትም ሳይደፍር፣ ሊያነሳውም ሳይወድ፣ እዚያው ተወው። ሙኒራ ያን እጅ እያየች ነው መንገዱን የጨረሰችው። ድሮ ብትሆን ትይዘው ነበር። አሁን ግን ያ እጅ ምን እንደቆረጠ ታውቃለች፤ ወይም የምታውቅ መስሏታል።

ረምዚን የማታውቁት ካላችሁ ልንገራችሁ። የሙኒራ አባት የሐጂ ዓብዱሰመድ የበኩር ልጅ ነው። ሐጂ ከሐረር መጥተው ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር በቅመምና በጨርቅ ንግድ ስም ያተረፉ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሒሳብ እንዲማር ፈረንሳይ ላኩት። ልጅየው ዲግሪውን ትቶ አንድ የጀርባ ቦርሳ ተሸክሞ ተመለሰ። «ያ ጀመዓ፣ ለሒሳብ ልኬው ጨርቅ ይዞልኝ መጣ! ጨርቅ እኔ ቤት ጠፍቶ ነው?» እያሉ ለመንገደኛው ሁሉ ሲያወሩ ከረሙ። ጨርቁ ፓራሹት ነበር። ደግሞ ከአውሮፕላን የሚዘለልበት ዓይነት አይደለም፤ ከገደል አፋፍ ላይ ተንደርድሮ ወደ ባዶ የሚገባበት እንጂ። በዚህ አገር ከሱ በፊት ማንም አልሞከረውም። የመጀመሪያ ቀን ሲዘል ከገደሉ ሥር የነበሩ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ጥለው ሸሽተዋል፤ ሲያርፍ ደግሞ ተመልሰው ሰው መሆኑን ለማረጋገጥ ጆሮውን ጎትተዋል። የሰፈሩ እናቶች «አበደ» አሉ። በዓመቱ ልጆቻቸው ከኋላው ተሰልፈው «አስተምረን» እያሉት ነበር። ከሁሉ በፊት ያስተማረው የወዛደሩን ልጅ ቦንሳን ነው።

ሙኒራ ሁለቱ ጣሪያ ላይ ሲለማመዱ በታጠበ ልብስ መሀል ቆማ ታያቸው ነበር። ከቦርሳው ሥር ካለች ኪስ አንዲት ትንሽ ጃንጥላ መዥርጠው ወደ ነፋስ ይወረውራሉ። ዘዴው እሱ ነው፤ ትንሿ ነፋስ ይዛ ትልቁን ጎትታ ታወጣዋለች። ከገደል ሲዘለል ጊዜ የለም፣ ትንሿ ከዘገየች ሁሉም ዘገየ። የሙኒራና የቦንሳ ፍቅርም የተጀመረው እዚያው ጣሪያ ላይ ነው። ነገሩ የገባው ረምዚ ሳቀና «አርብ ከገደሉ ስወርድ ለአባቢ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ ከተቆጡም እንደገና እዘላለሁ» አለ።

ያን ሰሞን ኻሊዳ ከሐረር ክታብ አስመጥታ ለሙኒራ ሰጠቻት። «አንገቱ ላይ እሰሪለት» አለቻት። ረምዚ እንደማያስር ሙኒራ ታውቃለች፤ «አንገቴ ላይ ገመድ? አቦ ተይኝ!» ይላል። ስለዚህ በራሷ ብልሃት፣ እሱ የከሰዓት እንቅልፉን ተኝቶ ሳለ፣ የተዘጋጀው ቦርሳ ኪስ ገበር ላይ በአረንጓዴ ክር አጥብቃ ሰፋችለት። ለማንም አልነገረችም፣ ለእናቷ ብቻ በጆሮዋ። በዚያች ስፌት ኮርታ ነበር።

አርብ ዕለት ትንሿ ጃንጥላ ዘገየች።

ከረምዚ ጋር ገደሉ አፋፍ ላይ የነበረው ቦንሳ ብቻ ነው። በነሱ ደንብ ሰው ከመዝለሉ በፊት ጀርባውን ባልንጀራው ፈትሾ፣ ደህና ከሆነ ትከሻውን መታ ያደርገዋል። የመታው ቦንሳ ነው። ሬሳው ጋ ቀድሞ የወረደውም እሱ ነው። ለፖሊስም ለሐጂም ያለው ነገር ቢኖር «የፈተሽኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብቻ ነው። ከቀብር በኋላ ድሬዳዋ ገባ፣ ስልክ መመለስም ተወ።

ፖሊስ ቦርሳውን ጠቅልሎ ሲመልስ ሙኒራ ፈጥና ኪሱን ዳሰሰች። ክታቡ የለም። ክሩ ተበጥሶ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ግን በቢላ ተቆርጧል፣ ጥርት ተደርጎ። ዘላዮች ወገባቸው ላይ ትንሽ ቢላ ይታጠቃሉ። ቦንሳ ደግሞ ሁልጊዜ «ቦርሳ ላይ ትርፍ ነገር አይንጠለጠልም» ባይ ነው። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ምን ይጠይቁ? የልጃቸውን መጠበቂያ ንቆ ቆርጦ ጥሎ፣ ራቁቱን ወደ ሞት ለቀቀው! ቦርሳው ሳጥን ገባ፣ ሳጥኑ ተቆለፈ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚሉት ለሌላ ነው፤ ኻሊዳ በየሶላቷ መጨረሻ የቦንሳን ስም እየጠራች ረገመችው፣ ሙኒራም አጠገቧ ሆና አሚን አለች። አሚን ባለች ቁጥር ከራሷ ሥጋ የተቆረጠ ያህል ያማት ነበር፣ ግን አሚን ማለቷን አልተወችም።

ታክሲው ቤት ሲያደርሳቸው ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሯል፣ ሰው ሞልቷል። ዱዓው አልቆ ሩዙ ተበልቷል። የረምዚ ፎቶ ግድግዳው ላይ ይስቃል። ቦንሳ ሲገባ ወሬው ቀጥ አለ። ኻሊዳ ዘንድ ሄዶ ዝቅ ብሎ ካርቶኑን ዘረጋላት።

«ለረምዚ ነው ያመጣሁት፣ እማማ።»

«ረምዚ አይበላም» አለች። ካርቶኑን ሳትነካው መሬት ላይ እንዲያስቀምጠው በዓይኗ ብቻ አዘዘችው።

ያኔ ቦንሳ ወጥመዱ ገባው። ዞሮ ሙኒራን አያት። ንዴት ብታይበት፣ «ከዳሽኝ» ቢላት ደስ ባላት። እሱ ግን የተኛ ሕፃን እንደሚያይ ሰው በቀስታ አያትና ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ነው። ይህ እሺታ ሙኒራን ከስድብ በላይ አናደዳት።

ረምዚ የመሠረተው የዘላዮች ክለብ ዛሬ በሙሰዲቅ እጅ ነው፤ ጺሙ የሸበተ፣ ቀጥ ያለ ሰው። ተነስቶ ስለ ረምዚ ተናገረ። «ሰው ሁሉ ገደል የሚለውን እሱ መንገድ ነው ብሎ አሳየን» አለ፣ ሰውም አለቀሰ። ቦርሳው ክለቡ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ለመነ። ሙኒራ የምትጠብቃት ሰዓት ይህች ናት። ቦርሳውን ከሳጥን አውጥታ በሰው ሁሉ ፊት አቆመችው።

«ከመሰቀሉ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። «ቦንሳ፣ ተነሥ። ወንድሜ በዚህ ኪስ ውስጥ ክታብ ነበረው። እናቴ ከሐረር ያስመጣችው። የቆረጥከው አንተ ነህ?»

ቦንሳ ተነሣ። ፎቶውን አየ፣ ቀጥሎ ኻሊዳን አየ። ሙኒራን አላያትም።

«አዎ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

ግቢው ተተራመሰ። ሐጂ ዓብዱሰመድ ከዘራቸውን ተደግፈው ሊነሡ ሞክረው አቃታቸው። «ከልጄ ጋር ካንድ ትሪ ያበላሁህ! ከልጄ ለይቼህ አውቃለሁ?» አሉ። ኻሊዳ ግን ፊቱ ድረስ ሄደች።

«መሬት አትቀበልህ! ልጅ ውለድና እንደኔ ቅበር! የያዝከው ሁሉ ከእጅህ ይምለጥ!»

ቦንሳ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ። ፊቱን ግን አልሸሸገም።

ሙኒራ አንጀቷ ይርስ ዘንድ ጠበቀች። ሁለት ዓመት ያሰበችው ሁሉ እንዳሰበችው ሆኗል፤ ወሬው ነገ ድሬዳዋ ይደርሳል፣ የወዛደሩ ልጅ በገበያ ቀና ብሎ አይሄድም። «ደስ ይበልሽ እንጂ፣ የፈለግሽው ይኸው አይደል!» አለች ለራሷ። ደስታው ግን አልመጣም።

ቦንሳ ሻንጣውን አንሥቶ ሊወጣ ሲል ሙሰዲቅ ግንባሩን ቋጥሮ «ቆይ እስቲ» አለ። «ክታብ ስለተቆረጠ ጃንጥላ አይዘገይም። ይሄ ነገር አልገባኝም። ትንሿን ልያት።» እጁን ወደ ቦርሳው ሰደደ።

«ተው፣ ሙሰዲቅ!»

እርግማኑን ሁሉ በዝምታ የተቀበለ ሰው አሁን ጮኸ። ሻንጣውን ጥሎ ሮጠ፤ ግን ሙሰዲቅ ትንሿን ጃንጥላ ከተጠቀለለችበት ጎትቶ ዘርግቷታል። ቦንሳ መዳፉን ጨርቁ ላይ ለጠፈው።

ሙኒራ ቅርብ ነበረች። መዳፉ ከማረፉ በፊት አይታለች። ነጩ ጨርቅ ጠርዙ ላይ ተቀዷል፤ ቅዳዱ ጫፍ ላይ አንዲት ቋጠሮ ቀርታለች። አረንጓዴ። የራሷ ቋጠሮ ናት፣ ሁለቴ ዞሮ በመሀል የሚገባው፣ እናቷ ያስተማረቻት።

መርፌዋ ገበሩን ብቻ አልነበረም የወጋችው። ከገበሩ ሥር የታጠፈችውን ጃንጥላ አብራ ሰፍታታለች። ረምዚ ገደሉ መሀል ላይ ሆኖ መዠረጠ፣ ስፌቷ ያዘው። እንደገና መዠረጠ። ተቀዶ እስኪወጣለት ድረስ ጊዜው አልቆ ነበር።

ቀና ብላ ቦንሳን አየችው። እሱም ያኔ አያት። አንባቢ ሆይ፣ ስለ ዓይን ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው። እዚያ ዓይን ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ የተለመነ ልመና ነበር፣ «አትዪው» የሚል።

«እጅህን አንሣ» አለችው በሹክሹክታ።

«ሙኒራ፣ በረምዚ ይዤሻለሁ።»

«መቼ ነው የቆረጥከው? ሳይዘል ነው ወይስ ወድቆ?»

ቦንሳ ዓይኑን ወደ ቋጠሮዋ መለሰ።

«እኔ እንዳላየው ነው የቆረጥከው! ቦንሳ!»

«ክሩን ሳይዘል አይቼዋለሁ፣ የቆረጥኩት ግን ከወደቀ በኋላ ነው» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «ስፈትሸው አረንጓዴውን ክር አየሁ። ያንቺ እጅ መሆኑን አወቅኩ። መቁረጥ ነበረብኝ፣ ደንቡ ነው። ግን ያንቺን ስፌት... እጄ እንቢ አለኝ። ዳሰስኩትና ትከሻውን መታሁት። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው። አልዋሸሁም።»

ሹክሹክታቸውን ሌላ ሰው አልሰማም። ሙሰዲቅ ክሩን ቢያይ እንኳ የማን እጅ እንደሆነ ምን ያውቃል? ሙኒራ ዝም ማለት ትችል ነበር። ቦንሳ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፣ እናቷ ረግማ ትኖራለች፣ እሷም አሚን እያለች። ኻሊዳ እዚያ ጋ ቆማ ታለከልካለች፤ ፊቷ ላይ ከልጇ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እረፍት የሚመስል ነገር አለ። ያንን ከእናት ላይ መንጠቅ እንዴት ያለ ጭካኔ ነው! ግን እነሱ ቀድመው ሁሉን የነጠቁት ከቦንሳ ነው።

ሙኒራ የቦንሳን መዳፍ በሁለት እጇ ከጨርቁ ላይ አነሳች። ጃንጥላዋን ይዛ እናቷ ፊት ቆመች።

«ኡሚ፣ ይሄ ቋጠሮ የማን ነው?»

ኻሊዳ ጨርቁን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከዚያ ልጇን አየች።

«አንገቱ ላይ እሰሪ ነበር ያልሽኝ። እኔ ነኝ ብልህ ልሁን ያልኩት። ሰፋሁበት። መውጫውን ሰፋሁበት፣ ኡሚ! ወንድሜን የበላሁት እኔ ነኝ። እሱ እኔን ሲደብቅ ነው ሁለት ዓመት የተረገመው። እርገሚኝ! እርገሚኝ እንጂ፣ እሱን ስትረግሚ እኔ አሚን ስል አልነበር? አሁን እሱ አሚን ይበል!»

ኻሊዳ እጇን አነሳች። ሙኒራ ለጥፊው ፊቷን ሰጠች፣ ዓይኗን ጨፍና። ጥፊው አልመጣም። ዓይኗን ስትገልጥ እናቷ በአጠገቧ አልፋ ቦንሳ ፊት ቆማለች።

«ሁለት ዓመት» አለች ኻሊዳ። «ሱጁድ ላይ ግንባሬን ደፍቼ ስምህን እየጠራሁ። ዝም አልክ? አሁን ያን ሁሉ እርግማን የት ልወስደው? ልጄ ላይ ልመልሰው? አንድ ናት የቀረችኝ!»

«አይመለስ፣ እማማ» አለ ቦንሳ። «እኔ ለምጄዋለሁ። እኔው ጋ ይቀመጥ።»

ኻሊዳ ጎንበስ ብላ ከመሬት ላይ የሙሸበኩን ካርቶን አነሳች። ክዳኑን ገንጥላ አንድ ቁራጭ አወጣችና ወደ አፉ ሰደደችው። ሽሮፑ በአንጓዋ ይወርዳል።

«ብላ» አለች። «ብላ አልኩህ! የረገመህ አፌ ነው፣ እጄ አልረገመህም።»

ቦንሳ እያለቀሰ ጎረሰ። ኻሊዳ ካርቶኑን ይዛ ቆመች። ሙኒራን አላየቻትም፣ አላጎረሰቻትምም። ምናልባት ዛሬ አትችልም ይሆናል፣ ምናልባት ነገም። ባሏ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች፤ ሐጂም ከዘራቸውን ጥለው እጇን ያዙ።

ሙኒራ ባዶ እጇን ሆና ቀረች። ሁለት ዓመት የምትጠላው ሰው ነበራት፤ ያ ጥላቻ ማለዳ ያስነሳት ነበር፣ ያበላት ነበር። አሁን ማንን ትጥላ? ዞር ዞር ብላ ብትፈልግ ከራሷ በቀር አጣች። እሺ፣ ራሷን። ለራሷ የሚሆን በቀል ደግሞ ታውቃለች፤ ገደሉ የት እንዳለ አይጠፋትም። ወደ በሩ ዞረች።

ቦንሳ ቀድሟት ኖሮ በሩ ላይ ቆሟል። ሂና የተቀባውን እጇን ያዘ፣ በታክሲው ውስጥ ሳይደፍር የቀረውን እጅ።

«ለፖሊስ አልሰጠሁሽም» አላት። «ለእናትሽ አልሰጠሁሽም። ለራስሽም አሳልፌ አልሰጥሽም።»

ሙኒራ ያኔ ነው ለወንድሟ ያለቀሰችው፤ ከቀብሩ ወዲህ ቂም ከልክሏት ያላፈሰሰችውን እንባ ሁሉ፣ እጇን ሳታስለቅቅ።